የፋይዳው ፋይል ከፎቶኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ጠፍቷል?

ደባርቅም ሆነ ዳባት፣ ፋይዳውን ለማሳተም ወደ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት የገባ ሰው ሁለት ወሬ ይሰማል። አንዱ ከሱቁ ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ አይዞዎት፣ ከኮምፒውተሩ አጥፍቼዋለሁ» ይላል። ሌላው ቲክቶክ ላይ የሚዞረው ነው፤ ኮምፒውተር አንዴ የገባበትን ፋይል አይለቅም፣ ሠላሳ አምስት ጊዜ ካልተደመሰሰ ሀከር ያወጣዋል ይላል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የሚያናድደው ደግሞ አንዱን ያመነ ሌላውንም ማመኑ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ተረጋግቶ ይወጣና ማታ በስልኩ ቪዲዮ አይቶ ይደነግጣል።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው፣ ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ፎቶ፣ ሙሉ ስምና የልደት ቀን የያዘ ሰነድ ነው። ከመካነ ብርሃን ተነሥቶ ደባርቅ ድረስ የመጣ ሰው ይህን ፋይል በቴሌግራም ይልክና ካርዱን ይዞ ይመለሳል፤ ፋይሉ ግን እዚያው ይቀራል።

ሪሳይክል ቢን መጣያ እንጂ ማጥፊያ አለመሆኑን አንባቢ ያውቃል ብዬ አልፈዋለሁ። ዳውንሎዶችን ከብራውዘሩ ዝርዝር ላይ መሰረዝም ዝርዝሩን ብቻ እንደሚያጸዳ፣ ፋይሉን እንደማይነካ እንዲሁ። ጨዋታው የሚጀምረው ቢኑ ባዶ ከተደረገ በኋላ ነው።

ዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው አሠራሩ ለእያንዳንዱ ፋይል ብዙውን ጊዜ 1,024 ባይት የምትሆን መዝገብ ይከፍታል። ስሙ፣ መጠኑ፣ የተፈጠረበት ሰዓት፣ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ከየት እስከ የት እንደተቀመጠ እዚያች ላይ ይሰፍራል። ፋይሉ ሲጠፋ በዋናነት የሚለወጠው ሁለት ነገር ነው። መዝገቧ ላይ «ሥራ ላይ ነኝ» የምትለው ምልክት ከ1 ወደ 0 ትወርዳለች፤ ፋይሉ ይዞት የነበረው ቦታም በሌላ ሰንጠረዥ ላይ ክፍት ተብሎ ይመዘገባል። ይዘቱን የነካው የለም። የቀበሌው መሬት አስተዳደር አንድን ማሳ ከባለይዞታው ስም ሲሰርዝ በላዩ የቆመው ገብስ በዚያ ሰዓት አይታጨድም፤ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያርሰው ድረስ ገብሱ አለ። ሁለት ጊጋባይት ፊልም ለመገልበጥ ደቂቃዎች ሲወስድ ለማጥፋት ግን ቅጽበት የሚበቃው ለዚህ ነው።

ፍላሽ ላይ ያለው አሠራር ከዚህም ይገርማል። ብዙዎቹ ፍላሾች ፋት 32 የሚባለውን የቆየ ሥርዓት ይጠቀማሉ። እዚያ ፋይል ሲጠፋ የአጭር ስሙ የመጀመሪያ ባይት በ229 ይተካል፤ ይህ ቁጥር «ይህ መስመር ተሰርዟል» ማለት ነው። እንደ ሬኩቫ ያሉ የጠፋ ፋይል የሚመልሱ ፕሮግራሞች ያገኙትን ሲያሳዩ አንዳንዴ ከስሙ የመጀመሪያዋ ፊደል የምትጎድለው ኮምፒውተሩ ራሱ ስለበላት ነው። ከዚህ ሌላ የፋይሉን ቁርጥራጮች አንዱን ከሌላው የሚያያይዘው ሰንሰለትም ይደመሰሳል። ስለዚህ ተበታትኖ የተቀመጠ ሰነድ ሲመለስ ግማሹ የራስዎ፣ ግማሹ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ፍላሽ ላይ ደግሞ በተለመደው አሠራር ሪሳይክል ቢን የለም፤ ዲሊት ካሉ ቀጥታ ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ስንቱ ፋይል በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ እንደተላለፈ ላሰበ ሰው ይህ ተራ ዝርዝር አይመስለውም።

መዝገቡ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ሌላ መንገድ አለ። ፒዲኤፍ ፋይል የሚጀምረው በፐርሰንት ምልክትና ፒዲኤፍ በሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ነው፤ የጄፔግ ፎቶም የራሱ መነሻ ባይቶች አሉት። ፎቶሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ስምና መዝገብ ሳይጠይቅ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያሰሰ እነዚህን መነሻዎች ይለቅማል። የፋይዳ ፋይልም ፒዲኤፍ ወይም ፎቶ ነው።

ታዲያ ሠላሳ አምስቱ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1996 ፒተር ጉትማን የተባለ ተመራማሪ ባሳተመው ጽሑፍ የዚያን ዘመን ልዩ ልዩ ዲስኮች ለመሸፈን 35 ዙር የመደምሰሻ ቅደም ተከተል አቀረበ። ለአንድ ዲስክ ሁሉም ዙር ያስፈልጋል አላለም። ሰው ቁጥሩን እንደ ድግምት ሲደጋግመው በኋላ ራሱ ተቃውሞ ጽፏል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ለዛሬ ተሽከርካሪ ዲስክ አንድ ዙር በላዩ መጻፍ በአብዛኛው በቂ ነው ብሏል። ሥራው ያለው አንድ ዙር ላይ ነው፤ ያን አንዱን ዙር ግን ዲሊት አይሠራውም።

ነገር የሚወሳሰበው ኤስኤስዲ በሚባለው የማይሽከረከር ዲስክ ላይ ነው፤ እኔም በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ኤስኤስዲም ፍላሽም መረጃን በኤሌክትሪክ ሙል በጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ ያኖራሉ። መጻፍ የሚቻለው በገጽ በገጽ ነው፤ ማጥፋት ግን ብዙ ገጾች የያዘን ብሎክ በአንድ ላይ እንጂ አንዷን ገጽ ለይቶ አይሆንም። እያንዳንዱ ብሎክ ደግሞ ተደጋግሞ ሲጠፋ ያልቃል። ስለዚህ ዲስኩ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ቺፕ «በዚህ ፋይል ላይ ጻፍበት» ሲባል አዲሱን ሌላ ቦታ ይጽፍና አድራሻውን ይቀይራል። አሮጌው ገጽ ጽዳት እስኪደርሰው ባለበት ይቆያል። ተጠቃሚው ደመሰስኩ ይላል፤ ቺፑ ግን ጎረቤት ላይ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2011 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲየጎ ተመራማሪዎች ነጠላ ፋይልን የሚደመስሱ ዘዴዎችን ፈትነው ኤስኤስዲዎቹ ላይ ከፋይሉ ከ4 እስከ 75 በመቶ፣ ፍላሾቹ ላይ ከ0.57 እስከ 84.9 በመቶ ተርፎ አግኝተዋል።

ይህን ጠቅሶ ማስፈራራት ግን ተገቢ አይደለም። ጥናቱ የቆየ ነው፤ ተመራማሪዎቹም ቺፖቹን በቀጥታ አንብበዋል፣ ያ የፎቶኮፒ ቤት ሥራ አይደለም። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ትሪም የሚባል ትእዛዝ ፋይል ሲጠፋ ለኤስኤስዲው «እነዚህን ገጾች አልፈልጋቸውም» ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ ሬኩቫ ብዙ ጊዜ ባዶ ነገር ነው የሚያነበው። ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም። ትእዛዙ መቼ እንደሚፈጸም የሚወስነው ቺፑ ነው፣ አምራቾች ይለያያሉ፣ በዩኤስቢ የተሰካ ዲስክ ጋ ትእዛዙ ላይደርስ ይችላል። «ኤስኤስዲ ከሆነ ጠፍቷል» ወይም «አልጠፋም» ብሎ ሞዴሉን ሳያይ የሚምል ባለሙያ ካጋጠመዎት አይመኑት።

እውነቱን ለመናገር፣ የደባርቁ ጋሼ ስለ ቺፕ ንባብ ከመጨነቁ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ቅጂዎች አሉ። ሱቁ ቴሌግራምን በኮምፒውተር ከከፈተ የተቀበለውን ፋይል በዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባል ፎልደር ያስቀምጠዋል። ልጁ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ቅጂ አጥፍቶ «ጨርሻለሁ» ሲል ያኛው እንዳለ ነው። ውይይቱ ውስጥ ያለው መልእክት ካልጠፋ ደግሞ ፋይሉን እንደገና ማውረድ ይቻላል፤ ለዚህ መድኃኒቱ በላኪው እጅ ነው፣ ከስልኩ ላይ ለሁለቱም ወገን ብሎ ያጥፋው። የማተሚያው ወረፋ ሦስተኛው ቦታ ነው። ዊንዶውስ የሚታተመውን ሰነድ መጀመሪያ ስፑል በሚባል ፎልደር ጽፎ ሲያልቅ ያጠፋዋል። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ግን ፋይሉ እዚያው ይቀራል፤ መብራት ሲመጣ ማንም ሳያዝዘው የትናንቱ ሰው መታወቂያ ከማተሚያው ሊወጣ የሚችለው ለዚህ ነው። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው የግል መረጃው እንዲጠፋለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ጠያቂው ግን ቦታዎቹን ቢያውቅ ይሻለዋል።

ባለሱቁም ኮምፒውተሩን አንድ ቀን ይሸጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት የኤምአይቲ ተማሪዎች 158 ያገለገሉ ዲስኮች ገዝተው ከሠሩት 129 መካከል በትክክል የጸዱት 12 ብቻ መሆናቸውን አሳትመዋል። ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ የሚሻለው ገና ሥራ ሲጀምር ቢትሎከር የሚባለውን የዊንዶውስ ማመስጠሪያ ማብራት ነው፤ የተመሰጠረ ዲስክ ቁልፉ ሲደመሰስ ከውስጡ የቀረው ሁሉ የማይነበብ ይሆናል። የቆየ ተሽከርካሪ ዲስክ ከሆነ ፋይሎቹን አጥፍቶ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የሳይፈር ትእዛዝ ክፍቱን ቦታ እንዲጽፍበት ማዘዝ ይበቃል። ሦስት ዙር ይጽፋል፣ በትልቅ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል፤ መብራት በማይጠፋበት ሌሊት ይጀመር።