የጓሮ አትክልትና የጸደይ ዘር

በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅት ሲከፈል ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ዘመን ነው። ብዙ ሰው ግን ዐደይ አበባ የሚፈነዳበትን የመስከረምን ወር ጸደይ ብሎ ይጠራል። ይህ በዘፈንና በጨዋታ የተለመደ ስለ ሆነ እምብዛም የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ነገር ግን የጓሮ አትክልት ለሚተክል ሰው የስሙ መሳሳት የሥራውን ጊዜ ያሳስተዋል። ገበሬው በልግ የሚለው ዝናም የሚወርደው በዚሁ በጸደይና ከርሱ አስቀድሞ ባሉት ሳምንታት ነውና። በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ ያለው ገበሬ ይህን ጊዜ በከንቱ አያሳልፈውም፤ የከተማ ሰው ግን ጓሮውን ባዶ ትቶ ክረምትን ይጠብቃል።

የዚህ መጠበቅ ጉዳቱ የሚታወቀው በሰኔና በሐምሌ ነው። ያን ጊዜ የጎተራው እህል እየጐደለ ይሄዳል፥ አዲሱም ገና በማሳ ላይ ነው፥ የገበያውም ዋጋ ይወጣል። ከጰራቅሊጦስ ማግሥት እስከ ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም፥ ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን ደግሞ የፍልሰታ ጾም አለና አትክልት በብርቱ ይፈለጋል። በሁዳዴ ጎመን ተወደደ እያለ የሚያማርር ባለ ቤት በዚያው በሁዳዴ አንድ እፍኝ ዘር ቢዘራ ኖሮ የሰኔን ጾም ከጓሮው እየቀጠፈ በተቀበለው ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት የመጀመሪያውን ዝናም ማመን ነው። የበልግ ዝናም ጥቂት ቀን ጥሎ ብዙ ቀን ሊጠፋ ይችላል፤ በመጀመሪያው እርጥበት የበቀለው ዘር ሥሩ ሳይጠልቅ ፀሓይ ይደርስበትና ይደርቃል። ዘሪውም ዘሩ ብላሽ ነው ብሎ ሻጩን ይረግማል። ስለዚህ ብልኅ አትክልተኛ በሰማዩ ሳይሆን በውሃ ማጠጫው ተማምኖ ችግኙን በትንሽ መደብ ላይ አስቀድሞ ያፈላል፤ ዝናሙ በጸና ጊዜ ለመትከል የተዘጋጀ ሆኖ ይገኛል።

የችግኙ መደብ ወርዱ ከአንድ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል፤ ይኸውም ሰው መሬቱን ሳይረግጥ ከግራና ከቀኝ እጁን ዘርግቶ እንዲያርም ነው። ዐፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ተቈፍሮ ይለሰልሳል። የሚጨመርበት ፍግ ግን ከወራት በፊት የተከመረና ፈጽሞ የበሰበሰ መሆን አለበት፤ ትኩስ ፍግ ግሎ ሥሩን ያቃጥላልና። የጎመን፥ የቀይ ሽንኩርት፥ የሰላጣና የቲማቲም ዘር በመሥመር በስሱ ተዘርቶ የዘሩን ውፍረት ሁለት ሦስት እጅ ያህል ዐፈር ይለብሳል። ከላዩም ደረቅ ሣር ተጐዝጕዞ ማለዳና ማታ ውሃ ይረጭበታል። ቡቃያው ብቅ ባለ ጊዜ ሣሩ በዚያው ቀን መነሣት ይገባዋል፤ የዘገየ እንደ ሆነ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ይረዝምና ይልፈሰፈሳል። አራት ወይም አምስት ቅጠል ያወጣው ጎመን ፀሓይ ከበረደ በኋላ ተነቅሎ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተራራቀ ይተከላል። ካሮት ግን መነቀልን አይወድም፤ ሥሩ ይጣመማልና ከመጀመሪያው በሚያድግበት ስፍራ ይዘራል።

ድንችን በ1858 በአውሮፓ አቈጣጠር ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ዐዋቂ ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ተጽፏል። ሕዝቡ በሰፊው የያዘው ግን በዚያው ምእት ዓመት መጨረሻ ረኃብ በጸና ጊዜ ነው። የድንች ትልቁ ጠላት በእርጥብና በቀዝቃዛ አየር ቅጠሉን የሚያጠቍረው በሽታ ሲሆን፥ ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው ይኸው ነው። በክረምት መካከል የተተከለ ድንች ለዚህ በሽታ ይጋለጣል፤ በመጋቢት የተተከለው ግን ብርቱው ዝናም ሳይጸና ድንቹን ይቋጥራል። ለዘር የሚመረጠው የዶሮ ዕንቍላል የሚያህልና አጭር ጠንካራ ቡቃያ ያወጣ ነው። በመሥመር መካከል 75፥ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይተውለታል። ግንዱ ስንዝር ሲያህል ዐፈር ይታቀፋል፤ ፀሓይ ያየው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፥ ይመርራልም፥ ለሚበላውም ጤና አይሆንም።

መሬት የለኝም የሚል ሰው በተሰበረ ጋን ወይም ከሥሩ በተበሳ ቆርቆሮ ላይ ሰላጣና ቃሪያ ማብቀል ይችላል። ይልቁንስ ብዙውን ድካም የሚያጠፋው የዶሮና የፍየል ነገር ነው፤ አጥር ሳይኖር መዝራት ለጎረቤት ከብት መቀለብ ነው።

ለዘር ገንዘብ ማውጣት በየዓመቱ አያስፈልግም። ያበሻ ጎመን ትውልዱ ከዚሁ ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ ቅጠሉ ለወጥ፥ ፍሬው ለምጣድ ማሰሻ ሲሆን ኖሯል። ካማሩት መካከል ሁለት ሦስት እግር ቅጠሉ ሳይቀጠፍ ለዘር ይተዋል፤ ዛላው ቢጫ ሲሆን ታጭዶ በጥላ ይደርቃል፤ ዘሩም ተበራይቶ በቅል ይከደንና እርጥበት በማይደርስበት ስፍራ ይሰቀላል።