የሰማ ሰው ወዴት ይወስደዋል? የሕፃናት ደኅንነት በአውበሬ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች



ስለ ሕፃናት ደኅንነት በተነጋገርን ቁጥር ከመምህራንም ከባለሥልጣናትም የምንሰማው አንድ አቤቱታ አለ፤ «ልጆቹ አይናገሩም» የሚል። ዝምታቸውንም ለባህል፣ ለኀፍረት ወይም ለፍርሃት እንሰጠዋለን። እኔ ዛሬ ጥያቄውን ገልብጬ ላቅርበው። ልጅቱ ብትናገርስ፣ የሰማት ሰው ነገሩን ወዴት ይወስደዋል? መከራከሪያዬ አጭር ነው። አንድ ትምህርት ቤት ሕፃናትን ይጠብቃል የሚባለው ከልጅ አንደበት የወጣው ቃል ተቀባይ፣ መዝጋቢና አድራሽ ሲኖረው ነው። ይህ መንገድ በሌለበት ስፍራ የልጅ ዝምታ የማስተዋል ውጤት ነው፤ መናገር ጥቅም እንደሌለው ልጁ ከእኛ ቀድሞ ተረድቷል።

ነገሩን በአንድ ስፍራ ላይ ቆሜ ላስረዳ፤ ስፍራው አውበሬ ነው። አውበሬ ከጅግጅጋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከሶማሌላንድ ድንበር አጠገብ የምትገኝ የፋፈን ዞን ከተማ ናት። ቀድሞ ተፈሪ በር ትባል ነበር፤ የአሁኑ ስሟ መቃብራቸው በዚያ ከሚገኘው ከሼኽ አው በሬ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦችን ለመቀበል የአውበሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ተከፈተ፤ በዓመቱ ደግሞ የሸደር ጣቢያ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ልጅና የስደተኛው ልጅ በአንድ ቋንቋ እየተናገሩ፣ በአንድ ሃይማኖት እየጸለዩ፣ በአንድ ገበያ እየተጋፉ ያድጋሉ። በትምህርት አስተዳደር በኩል ግን ሁለት ቤት ናቸው። የከተማው ትምህርት ቤት በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ለክልሉ ትምህርት ቢሮ ተጠሪ ሲሆን፣ የመጠለያው ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ የተዳደረው ዛሬ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት በሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በኩል ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው ልጅ በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያዊው ልጅ እኩል እንዲስተናገድ ደንግጓል። እኩል መመዝገብ ግን እኩል መጠበቅ ማለት አይደለም።

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዓይነ ኅሊናችን እንሳል። ስም አልሰጣትም፤ ብዙ ልጆችን የምትወክል ምሳሌ ናትና። ጎሕ ሲቀድ ዱግሲ ሄዳ ቁርኣን ትቀራለች። ስትመለስ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቢርካው ትወርዳለች፤ በድርቅ ዘመን ቢርካው ስለሚደርቅ መንገዱ ይረዝማል። ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ገበያ እናቷን ልታግዝ፣ ከገበያ ወደ ቤት። በዚህ አንድ ቀን ውስጥ መዓሊሙ፣ መምህሩ፣ ርእሰ መምህሩ፣ እናቷና የጎሳው ሽማግሌ እያንዳንዳቸው በእሷ ላይ ሥልጣን አላቸው። በመንገዱ ላይ ግን ማንም የለም። አንድ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ቢያስፈራራት፣ ወይም መምህሯ ከክፍል በኋላ ለብቻዋ ቢያስቀራት፣ ለማን ትናገራለች? የምትናገርለት ሰውስ ከእነዚህ ባለሥልጣናት አንዱ ሆኖ ከተገኘ?

ሕጉ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ወይም ከጭካኔና ከኢሰብዓዊነት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ዲሲፕሊን ከልጁ ሰብዓዊ ክብር ጋር እንዲጣጣም፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ ልጁ በሚመለከተው ጉዳይ እንዲሰማ ያዛል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 በአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ የሚፈጸም በደልን፣ በአንቀጽ 626 እና 627 በልጆች ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃትን፣ በአንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። በአንቀጽ 626 መሠረት ተበዳይዋ የአጥፊው ተማሪ ወይም በእሱ ጥበቃ ሥር ያለች ልጅ ስትሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ሕግ አውጪው አደራ የተቀበለ ሰው ሲበድል ጥፋቱ ድርብ መሆኑን ተረድቷል ማለት ነው።

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት አንድ ክፍተት አለ። አንቀጽ 576 ወላጆችና ተመሳሳይ ኃላፊነት ያላቸው ሰዎች ለመልካም አስተዳደግ ሲሉ የሚወስዱትን ከሕግ ያልወጣ የዲሲፕሊን እርምጃ ከቅጣት ውጪ ያደርገዋል። መምህሩስ በዚህ ሊጠለል ይችላል? እንደ እኔ አረዳድ አይችልም፤ እርምጃው ከሕግ ያልወጣ መሆን አለበት፣ የበላይ የሆነው ሕገ መንግሥት ደግሞ በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን አስቀድሞ ከልክሏል።

ታዲያ አርጩሜው ከክፍል ውስጥ ለምን አልወጣም? «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ብለን ስላደግን ነው። እኔም በአርጩሜ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ የደረሰበትን ነገር ለመምህራችን ሊናገር ተነሣ። መምህሩ በዚያች ቅጽበት ሌላ ልጅ ሊቀጣ አርጩሜውን አንሥቶ ነበር። ጓደኛዬ አርጩሜውን አየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ምን ሊናገር እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። በአካል ቅጣት ላይ የምናደርገው ክርክር ብዙውን ጊዜ ስለ ሕመሙና ስለ ትምህርት ውጤቱ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ጉዳቱ ግን ይህ ይመስለኛል። ልጁ በቤትም በመንገድም የሚደርስበትን የሚነግረው ብቸኛ የመንግሥት ሠራተኛ መምህሩ ነው። አርጩሜው ያንን በር ይዘጋዋል።

ልጅቱ በሩን አልፋ ተናገረች እንበል። በአውበሬና በአካባቢው ቃሉ ቀድሞ የሚደርሰው ወደ ሽማግሌዎች ነው። የሶማሌ ማኅበረሰብ ሄር የሚባል ጥንታዊ የሽምግልና ሥርዓት አለው። ሄር ደም እንዳይፈስ አድርጓል፤ የውኃና የግጦሽ ጠብ አብርዷል፤ መንግሥት በማይደርስበት ስፍራ ሰላም ጠብቋል። ይህን ውለታ የሚያቃልል ሰው አገሩን አያውቅም። ነገር ግን ሄር የሚዳኘው በጎሳና በጎሳ መካከል ነው፤ በደል ሲፈጸም ካሳው ከበዳዩ ወገን ወደ ተበዳዩ ወገን ይሻገራል። በዚህ ሚዛን ላይ ልጅቱ ራሷ አልተቀመጠችም። ካሳው ተከፍሎ እርቅ ከወረደ በኋላ በዳዩ በዚያው መንገድ ይመላለሳል፤ እሷም በዚያው መንገድ።

ስደተኛዋ ልጅ ዘንድ ስንደርስ ጉዳዩ ይብሳል። የሽምግልናው ክንድ የሚበረታው ከጀርባ ባለው ወገን ብዛት ነው። ከደቡብ ወይም ከመካከለኛው ሶማሊያ ከእናቷ ጋር ብቻ ሸሽታ የመጣች ልጅ በአውበሬ የሚቆምላት ሽማግሌ ላይኖራት ይችላል። ቋንቋውን ትናገራለች፣ ሃይማኖቱን ትጋራለች፤ ወገን ግን የላትም። ትምህርት ቤቱ ከወገን በላይ የሆነ ተቀባይ ካላዘጋጀላት ቃሏ መሬት ላይ ይወድቃል።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በባህልና በሃይማኖት ሕጎች መዳኘትን የፈቀደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው። በልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት ወንጀል ነው፤ ወላጆች ቢታረቁም ዐቃቤ ሕግ ክስ ከማቅረብ አይከለከልም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም ባያይም እንኳ፣ ለፖሊስ የማመልከት መብት ይሰጠዋል። ልብ በሉ፤ ድንጋጌው የሚናገረው ስለ መብት ነው። መምህሩ ማመልከት ይችላል፤ ባያመለክትስ? የትምህርት ቤት የጥበቃ መመሪያ ዋና ተግባር ይህን መብት ወደ ግዴታ መለወጥ ነው።

የተጻፈ መመሪያ ብቻ ግን አይበቃም። ከሌላ አገር አንድ ትምህርት ልውሰድ። በኡጋንዳ ሉዌሮ አውራጃ በ42 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገ ሰፊ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለውን የአስተዳደር ልማድ ለመለወጥ መምህራንን፣ ተማሪዎችንና ወላጆችን ያሳተፈ መርሐ ግብር ለ18 ወራት ተካሄደ። ባለፈው ሳምንት በመምህር ተመትተናል የሚሉ ልጆች ድርሻ በመርሐ ግብሩ በታቀፉት ትምህርት ቤቶች ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር በ42 በመቶ ያነሰ ሆነ። አርጩሜን ማስቀመጥ ይቻላል ማለት ነው።

በዚያው ጥናት ሌላ፣ ብዙም የማይነገርለት ውጤት አለ። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያው ዙር ልጆችን ሲጠይቁ ከባድ በደል የተናገሩ 529 ልጆችን ለአካባቢው የሕፃናት ጥበቃ አካላት አስተላለፉ። ከእነዚህ መካከል ተጨባጭ የሆነ ምላሽ ያገኙት 104 ሲሆኑ፣ በቂ የሚባል ምላሽ ያገኙት 20 ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ተናግረዋል። የጠፋው ከእነሱ በኋላ ያለው መንገድ ነው። «ልጆቹ አይናገሩም» የሚለውን አቤቱታ በሰማሁ ቁጥር እነዚህ ቁጥሮች ትዝ ይሉኛል።

ለአውበሬ ምን ይሻላል? ገንዘብ የሚጠይቀውን ትቼ ዛሬ ሊጀመር በሚችለው ላይ ልወሰን።

በመጀመሪያ፣ በየትምህርት ቤቱ ሁለት ተቀባዮች በስም ይሠየሙ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ሁለት የሚሆኑበት ምክንያት አንደኛው ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ስለሚችል ነው። በአካባቢው ሴት መምህራን ጥቂቶች ናቸው፤ በጠፉበት ስፍራ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት የተመረጠች እናት ልትሆን ትችላለች። ተቀባይዋ አትመረምርም፣ አትፈርድም፣ አታስታርቅም። ትሰማለች፣ ልጅቱ በተናገረችበት ቃል ትጽፋለች፣ በዚያው ቀን ታደርሳለች። ይህ ወሰን መምህሩንም ይጠብቀዋል፤ በሐሰት እከሰሳለሁ ብሎ የሚሰጋ መምህር ከገበያ ወሬ ይልቅ በቀኑ የተጻፈና በባለሙያ የሚጣራ ቃል ይሻለዋል።

ሁለተኛ፣ ቃሉ የሚደርስበት አድራሻ አስቀድሞ ይታወቅ። ለፖሊስ የሚሄደው የትኛው ነው? ለጤና ጣቢያ በዚያው ቀን መድረስ ያለበት የትኛው ነው? ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሚላከውስ? የከተማውና የመጠለያው ትምህርት ቤቶች በዚህ ላይ አንድ የጋራ ስምምነት ይኑራቸው። ከመጠለያ ወጥታ በከተማው መንገድ ላይ የተበደለች ልጅ በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል መንከራተት የለባትም።

ሦስተኛ፣ የስም መጥሪያው ይነበብ። የማይናገር ልጅ በመቅረት ይናገራል። በድርቅ ወራት ከስም መጥሪያው የምትጠፋ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ውኃ ፍለጋ ርቃ፣ ዘመድ ቤት ተልካ ወይም ለጋብቻ ታጭታ ይሆናል። ሦስት ቀን የቀረችን ልጅ ቤቷ ሄዶ መጠየቅ የመምህር ሥራ ቢሆን፣ ብዙ ሠርግ ከድግሱ በፊት ይታወቅ ነበር።

አራተኛ፣ ሽማግሌዎቹና መዓሊሞቹ በሚበረቱበት ቦታ ይግቡ። ልጆች በአንድነት የሚሄዱበትን መንገድ ማስከበር፣ በቢርካው ዙሪያ ሥርዓት ማስያዝ፣ ልጅን መዳፈር ነውር መሆኑን በጁምዓ ንግግር ማስተማር ማንም እንደነሱ አይችልም። ነገሩ ወንጀል ሲሆን ግን ሽምግልናው ከፍርድ ቤት ቀድሞ እንዳይዘጋው ቃል ይግቡ። ይህ ውይይት ጊዜ ይፈልጋል፤ በሱማሌኛ፣ በእነሱ ሸንጎ፣ በአክብሮት መደረግ አለበት።

«መጽሐፍና ውኃ ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉኝ አሉ። የዘረዘርኩት የሚጠይቀው አንድ ደብተር፣ አንድ ቁልፍ ያለው ሳጥንና ሁለት የታመኑ ሰዎች ነው። አስቸጋሪው ወጪው አይደለም፤ ከባዱ እንደ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ካሉ አባባሎቻችን መላቀቅ ነው። የልጅ ቃል ለእራት ባይበቃም፣ ደብተር ላይ ለመጻፍ ይበቃል።

በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ መምህራን፣ ርእሳነ መምህራንና የወረዳ ኃላፊዎች ትሆናላችሁ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ከክፍል መውጫ በር ላይ ቆማ አፏን ልትከፍት ስትታገል ታያላችሁ። በዚያች ሰዓት ስለ አንቀጾቹ ለማሰብ ጊዜ አይኖራችሁም። ስለዚህ ዛሬውኑ ወስኑ፤ በእጃችሁ አርጩሜ አይኑር፣ ቃሏን ከእናንተ ቀጥሎ የሚቀበለውንም ሰው ስም አስቀድማችሁ እወቁ።