የግማሽ ማዘዣ ሒሳብ

ደንበኞቼ ከመድኃኒት ዋጋ ቀጥሎ አዘውትረው የሚጠይቁኝ በራችን ላይ ስለሚለምኑ ሰዎች ነው። ሒሳብ ከፍለው፣ መልሳቸውን ተቀብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና «ዶክተር፣ ሰውዬው የያዘው ወረቀት እውነተኛ ነው? ልስጠው?» ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ ማረሙን ትቼዋለሁ።

የመድኃኒት ቤት ደጃፍ ለልመና የተመቸ ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚቆም ሰው ደህና የሚያገኘው በ12 ለሚካኤል፣ በ19 ለገብርኤል፣ በ21 ለማርያም ነው፤ መስጊድ በር ላይ የሚቆመውም ጁምዓን ይጠብቃል። እኛ ዘንድ የሚመጣ ሰው ግን በማንኛውም ቀን ሆዱ ባብቶ ነው የሚመጣው፤ ወይ ራሱ ታሟል፣ ወይ ቤቱ የታመመ ትቶ መጥቷል። ሲወጣ ደግሞ ዝርዝር ብር በእጁ ነው።

ወረቀት ማንበብ አያቅተኝም። የቲቢ መድኃኒት መግዣ ብሎ የሚለምን ሲያጋጥመኝ፣ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ በነጻ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ነው፤ የሥጋ ደዌም እንዲሁ። ቀኑ የተፋቀ፣ በላስቲክ የታሸገ፣ ጠርዙ የጠቆረ ማዘዣ ደግሞ ከሩቁ ይለያል። ለጠያቂዎቼ «ውሸት ነው» ብዬ ልገላግላቸው እችል ነበር። ችግሩ፣ ወረቀቱ ሐሰት ሆኖ ችግሩ እውነት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የቲቢ መድኃኒት 6 ወር ይወሰዳል፤ መድኃኒቱ ነጻ ቢሆንም ታክሲውና ምግቡ ነጻ አይደሉም። በራችን አካባቢ የምትቀመጥ አንዲት ሴት ያሳየችኝ ማዘዣ ከተጻፈ ዓመታት አልፎታል። ወረቀቱ አርጅቷል፤ አስሟ ግን አላረጀም። አዲስ ለማጻፍ ካርድ ማውጣት አለባት፤ ለካርዱ ደግሞ መጀመሪያ መለመን ሊኖርባት ነው።

ስለዚህ መርማሪነቱን ትቼ ሌላ ነገር ልናገር፤ ከባንኮኒው ጀርባ ካልቆሙ የማይታይ ነገር ነው።

አንድ አባት ሲለምኑ ውለው ማዘዣቸውን ይዘው ገቡ። ዝርዝሩን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት፤ የአንድ ብር ሳንቲም፣ እንደ ክታብ ተጣጥፈው የደረቁ ባለ አሥር ብር ኖቶች፣ አንዷ ጫፏ የተቀደደች። «ልጄ፣ በዚህ የሚሆነውን ስጠኝ» አሉኝ። የታዘዘላቸው አሞክሳሲሊን ባለ 500 ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ7 ቀን፣ በድምሩ 21 ካፕሱል። ቆጠርኩት። አንድ ስትሪፕ ይገዛል፤ አሥር ፍሬ። የሦስት ቀን ከአንድ ፍሬ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ይበርድላቸዋል፤ የቀረውን ሊገዙ የለመኑት ብር ለማደሪያ ይከፈላል፤ ደረታቸው ውስጥ የተረፈው ተህዋስ ደግሞ መድኃኒቱን ተላምዶ የመነሣት ዕድል ያገኛል። ግማሹን ብሸጥላቸው ጥፋት ነው፤ አልሸጥም ብላቸው ያለ ምንም ሊሄዱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሳምንቱ ይገባል።

ምጽዋት የሚመጣው በፍርፋሪ ነው። ለዳቦ ይሄ ይሠራል፤ ግማሽ ዳቦ ግማሽ ሆድ ይሞላል። ግማሽ አንቲባዮቲክ ግን ግማሽ ፈውስ አይሆንም። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ዋጋው ሲወጣ መንገደኛው የሚወረውረው ሳንቲም ባለበት ቀረ። ድሮ ግማሽ ቀን የሚያስለምን ማዘዣ ዛሬ ሳምንት ያስለምናል። በሽታ ደግሞ ሳምንት አይጠብቅም።

ስለዚህ «ልስጠው?» ላለኝ ሰው መልሴ ሁለት ነው። ወረቀት ሳይዝ እጁን ለዘረጋ ትልቅ ሰው የፈለጉትን ይስጡ፤ ምን እንደሚያደርግበት አይጠይቁት። «ብሩን አረቄ ሊጠጣበት ነው» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ደመወዛችንን ስንቀበል እኛንም የሚጠይቀን የለም። ወረቀት ለያዘ ሰው ግን ሳንቲም አይወርውሩ። ወረቀቱን ተቀብለው አብረውት ይግቡና ሙሉውን ይክፈሉለት። ከአቅም በላይ ከሆነ ከኋላ ለተሰለፈው ይንገሩት። ለእኚያ አባት የቀሩትን 11 ፍሬ የከፈሉት ወረፋ ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጮክ ብዬ ሒሳቡን ከመናገር ሌላ ያደረግኩት የለም።

የሥራ ባልደረባዬ በዚህ አትስማማም። ማስረጃዋ አንድ ወጣት ነው። አንዲት ሴትዮ ጠዋት የሕፃን ዱቄት ወተት ገዝተውለት መርቋቸው ሄደ፤ ማታ ጣሳውን ይዞ መጣና ወደ ብር ቀይሩልኝ አለ። ግድግዳችን ላይ «የተሸጠ መድኃኒት አይመለስም» ተብሎ ተለጥፏል። ፀሐይ ላይ ይዋል እሳት ዳር የማናውቀውን ዕቃ ለሌላ ሕፃን አንሸጥምና ወተቱንም አልተቀበልነውም። የሆነ ሱቅ ወስዶ በግማሽ ዋጋ እንደሸጠው በኋላ ሰማን። «ይኸው! የአንተ ድሆች» አለችኝ። እኔ ከዚሁ ታሪክ የተረዳሁት ሌላ ነው፦ ልጁ የሚፈልገው ብር ነበር፤ ብር ቢሰጡት ኖሮ ቢያንስ ግማሹ ባለሱቁ ኪስ አይገባም ነበር። ዕቃ መግዛት ሰጪውን ደስ ያሰኘዋል እንጂ ማታለልን አያስቀርም። ሙሉ ማዘዣ ግን የተለየ ነው፤ ስትሪፑ አንዴ ከተጀመረ ገዢ የለውም።

የማልሰጥበት ቦታም አለ። ያለ ማዘዣ «ሕፃን የሚያስተኛ ሽሮፕ» የሚጠይቁን ሰዎች አሉ። ፕሮሜታዚንን ነው የሚሉት፤ ትንፋሽ ሊያዳክም ስለሚችል ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ጎዳና ላይ ልጅ ታቅፋ የምትለምን እናት ሁሉ እንዲህ ታደርጋለች ማለቴ አይደለም፤ ሕፃን እኮ ብዙ ይተኛል። ግን በእኩለ ቀን፣ በዚያ ሁሉ የመኪና ጥሩምባ መሐል፣ ራሱ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ የማይነቃ ልጅ ሳይ እጄ ወደ ኪሴ አይሄድም። ብሩ ነገም ልጁን እዚያው የሚያውለው ይመስለኛል።

የኔ ምክር የማይደርስበትም ብዙ ነው። የኩላሊት እጥበት አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው፤ ፎቶና የባንክ ሒሳብ ቁጥር በባነር አሠርቶ በድምፅ ማጉያ የሚለምነውን ወረፋ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች አያድኑትም። ስኳር፣ ደም ግፊትና አስምም የ7 ቀን ጉዳይ አይደሉም። ለእነዚህ ለሦስቱ ሊረዳ የሚችለው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ አሁን አዲስ አበባም ገብቷል፤ መክፈል ለማይችል ድሃ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ድሃ መሆኑን የሚመሰክርለት ግን የሚኖርበት ወረዳ ነው። ባለ አስሟ ሴት ከክፍለ ሀገር የመጣች ናት፤ መታወቂያ የላትም፤ ወረዳዋ የትኛው እንደሆነ ብትጠየቅ የእኛን ደጃፍ ከመጥቀስ ሌላ መልስ የላትም።

አንድ ደንበኛዬ ግን ከሰፈር ሳይርቅ መላ ፈጠረላት። በወር አንድ ጊዜ የራሱን የግፊት መድኃኒት ሊገዛ ሲመጣ የእሷን ሳልቡታሞል አብሮ ይከፍላል፤ ሰዉ «ፓፍ» የሚለውን፣ ባለ 200 ጊዜውን። የምታወራለት ታሪክ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዴ ባሏ ወታደር ነበር፣ አንዴ ሹፌር። እሱ ግድ አይሰጠውም፤ እኔም። ባዶውን እያስረከበች ነው አዲሱን የምትወስደው፤ ይህን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

«ባዶውንስ ከየት እንደምታመጣው በምን ታውቃለህ?» ትለኛለች ባልደረባዬ። አላውቅም። ግን ክረምት ሲገባ ደረቷ ሲያፏጭ ከባንኮኒው ወዲህ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ እሱን ማስመሰል አይቻልም ብዬ ተከራከርኳት። «ይቻላል» አለችና በደረቷ አፏጨችልኝ። በጣም ጎበዝ ናት።