ስለ እንጨት ኅትመት ሥዕል፦ ዋናው የቱ ነው?

ሥዕል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሸራ ወይም በግድግዳ ላይ በብሩሽ የተሣለውን ነው። ነገር ግን ሌላም ዘዴ አለ፤ ይኸውም በሳንቃ ላይ ተቀርጾ በወረቀት ላይ የሚታተመው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ በአዲስ አበባ ከተመለከትነው አንድ የኅትመት ሥዕል ትርኢት ተነሥተን፣ የጥበቡን አሠራርና ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ሊሰጥ የሚችለውን ጥቅም ለማስረዳት እንሞክራለን።

አሠራሩን ለመረዳት የመሥሪያ ቤት ማኅተምን ማሰብ ይበቃል። በማኅተሙ ፊት ላይ ያሉት ፊደሎች ተገልብጠው የተቀረጹ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ሲያርፉ ግን ይቃናሉ። ሠዓሊውም እንዲሁ ግራና ቀኙን አዛውሮ በሳንቃው ላይ ይነድፋል። ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚፈልገውን ስፍራ በመሮና በቢላዋ ይፈለፍላል፤ ሳይነካ የተወው ከፍ ብሎ ይቀራል። ከፍ ባለው ላይ ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ይነጠፍበትና በማተሚያ መኪና ይጫነዋል፣ ወይም በማንኪያ ጀርባ ያሸዋል። አንዴ ተፈልፍሎ የወጣ እንጨት ተመልሶ አይገባምና እጁ ቁርጠኛ መሆን አለበት። በትርኢቱ ከሁሉ ይልቅ የማረከንም ይህ የመሥመር ቁርጠኝነት፣ በጥቁሩ መካከልም ብቅ የሚለው የእንጨቱ ጅማት ነበር።

ይህ ጥበብ በአገራችን ትምህርት ቤት የገባበት ታሪክ አለው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በሃምቡርግ የተወለደውና በብራዚል የኖረው ሐንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 የእንጨት ኅትመት አስተምሯል። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው፤ እርሱም ከጊዜ በኋላ በቀርከሃ ላይ በሚሠራቸው ሥዕሎች ታውቋል፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢዬናሌም ተሸልሟል።

በትርኢቱ ላይ ከአንድ ተመልካች የሰማነው ጥያቄ «ከእነዚህ ሁሉ ዋናው የቱ ነው?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳንቃው መሣሪያ እንጂ ሥዕሉ አይደለም፤ ሥዕሉ የሚወለደው በወረቀቱ ላይ ነው። ሠዓሊው ከአንድ ሳንቃ 20 ቅጂ ለማተም ከወሰነ፣ በእያንዳንዱ ግርጌ 1/20፣ 2/20 እያለ በእርሳስ ይጽፋል፤ ይፈርምበታልም። ስለዚህ ሃያውም ዋናዎች ናቸው። ከሸራ ሥዕል በፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚባዛው ግን የሌላ ሥራ ምስል ብቻ ነው።

ለእኛ ለገጠር ከተሞች ልጆች የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከተማይቱን የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን አማርኛ ተውኔት የጻፉ ናቸው፤ እንግዲህ ለጥበብ ባዕድ አይደለችም። ይሁን እንጂ አንድ ብቻ የሆነ የሸራ ሥዕል ባለቤቱ በአውቶቡስ ልኮ ሊያንገላታው አይደፍርም። የኅትመት ሥዕል ግን አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ተሰቅሎ ሳለ፣ ሌላው በአንድ ማኅደር ገብቶ በሚኤሶ፣ በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ትምህርት ቤቶች ሊዞር ይችላል። የሚያየውም ተማሪ የሠዓሊው እጅ ያለፈበትን ዋናውን ሥራ ያያል።

ወረቀት በፀሐይና በአቧራ ይጎዳል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ እውነት ነው፤ መስተዋትና ጥላ ያለበት ክፍል ያስፈልገዋል። በእኛ አሳብ ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ሥዕሉ ያለ ማስረጃ መሰቀሉ ነው። ስለዚህ የተቀረጸው ሳንቃ ከኅትመቱ ጋር አብሮ ቢዞር መልካም ነው። መሮ በጭሮ አናጢዎችም እጅ የሚገኝ መሣሪያ ነውና፣ ሳንቃውንና ወረቀቱን ጎን ለጎን ያየ ተማሪ ጥበቡ ከእጁ እንደማይርቅ ይረዳል። በጭሮ ያለው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲና በአዲስ አበባ ያሉ የጥበብ መምህራን ይህን አሳብ ተመልክተው ቢመክሩበት እንወዳለን።