ከዒላማው ያፈነገጠ ጨረር

ቤትዎ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው እንበል። የእህትዎ ልጅ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶበት ሐኪሞቹ የጨረር ሕክምና ያስፈልገዋል ብለዋል። ዘመድ ተሰብስቦ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ አንዱ «ጨረር ልጁን ይጨርሰዋል» ይላል። ከውጭ የሚደውለው ወንድም ደግሞ «ፕሮቶን የሚባል አለ፤ ቤቱንም ቢሆን ሸጠን ህንድ እንውሰደው» ብሎ ይቆርጣል። ሁለቱም የተናገሩት ከፍቅር ነው። እርስዎ ግን ከመወሰንዎ በፊት ይህን ይጠይቁ፤ ጨረሩ ከታለመለት ቦታ ውጪ የት ይደርሳል?

በተለመደው ሕክምና፣ ከሊኒየር አክስለሬተርም ይምጣ ከኮባልት 60፣ ጨረሩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ዕጢውን ሲመታ ከፊትና ከኋላው ያለውንም ጤነኛ አካል ይነካል። ፕሮቶን ጠባዩ ሌላ ነው። የሃይድሮጂን አቶም እምብርት ነው፤ ሰውነት ውስጥ ጥቂት ጥቂት ኃይል እየጣለ ይሄድና ሊቆም ሲል የቀረውን ባንዴ ያራግፋል። ከዚያ ወዲያ አያልፍም። ለሕክምና ይሁን የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1946 ያቀረበው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዊልሰን ነው፤ የመጀመሪያው ታካሚ በ1954 በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ታከመ።

ታዲያ እንከን የለውም? አለው። ፕሮቶኖቹ ከማሽኑ ብረትና ከታካሚው ሰውነት ጋር ሲጋጩ ኒውትሮን ይፈናጠራል። ኒውትሮን በቀላሉ የሚቆም አይደለም፤ ጭንቅላቱ ላይ የሚታከም ልጅ ሆዱ ድረስ ሊደርሰው ይችላል። መጠኑ ዕጢው ከሚያገኘው ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነው። ሆኖም ኒውትሮን በእኩል መጠን ከኤክስሬይ ይልቅ ሕዋስን ይጎዳል፤ ልጅ ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ይኖራል። ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ካንሰር እንዳይመጣ የሚሰጋውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ይለካል። አለካኩ ደስ ይላል። የአምስት ዓመት ልጅ የሚያክል የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሕክምናው አልጋ ላይ ይተኛል። በሳንባው፣ በሆዱ፣ በአንገቱ ቦታ በተበጁ ቀዳዳዎች ትንንሽ የሊቲየም ፍሎራይድ ክሪስታሎች ይቀመጣሉ። ጨረሩ ካለፈ በኋላ ክሪስታሎቹ ሲሞቁ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ብርሃኑ በበዛ መጠን የደረሰው ጨረር በዝቷል ማለት ነው። ሌላው ዘዴ በጄል የተሞላ ቱቦ ነው። ኒውትሮን ሲመታው አረፋ ያበቅላል፤ ባለሙያው አረፋውን ይቆጥራል። (ፊዚክስን እንዲህ አስተምረውን ቢሆን ኖሮ!) በእነዚህ ልኬቶች የታየው፣ ጨረሩን በብረት በትኖ የሚያሰፋው የቀድሞው ዘዴ ብዙ ኒውትሮን እንደሚፈጥር፣ በቀጭን ጨረር ዕጢውን ነጥብ በነጥብ የሚያዳርሰው ስካኒንግ ግን በጣም እንደሚቀንሰው ነው። ወደ ውጭ ከሄዱ «ማሽናችሁ ስካኒንግ ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ፕሮቶን አገራችን ውስጥ የለም። ህንድ ቼናይ ያለው የአፖሎ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፍቷል። ፕሮቶን በተለይ የሚመረጠው ለአንዳንድ የሕፃናት ዕጢዎችና ለዓይን ወይም ለአከርካሪ ቅርብ ለሆኑ ነው፤ ለብዙ የአዋቂ ካንሰሮች የተለመደው ጨረር በቂ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ቦታ ስለነበር ወረፋው ያስመርር ነበር። ቢሆንም ቤት እስኪሸጥ፣ ቪዛ እስኪወጣ ዕጢው አይጠብቅም። ለእኔ ከኒውትሮኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የልጁን ሐኪም «ለዚህ ዕጢ ፕሮቶን ምን ይጨምራል? እስኪደርስስ ምን እናጣለን?» ብለው በግልጽ ያነጋግሩት።

ደግሞም አያቱ «አትጠጉት፣ ጨረር አለበት» ካሉ፣ በአክብሮት ያስረዷቸው። ከውጭ በማሽን የተሰጠ ጨረር ልጁ ላይ ተሸክሞት የሚመጣው ነገር አይሆንም። ከእህቶቹ ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛት፣ አያቱ ጉልበት ላይ መቀመጥ ይችላል።