መጀመሪያ ዘበኛውን ጠይቁ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው ኮንትራክተር ሲመርጥ ያለቀ ቤት ይጎበኛል። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ ጂፕሰሙ ያምራል፣ ውል ይፈረማል። እኔ ሳይት ላይ በፎርማንነት የምውል ነኝና ይህን በመካከላችን ልንገራችሁ፦ ልስንና ቀለም ብዙ ጉድ ይሸፍናሉ። ሰውየው አሁን የሚሠራበትን ቦታ ጠይቁና ሳትቀጣጠሩ ሂዱ።

እዚያ ስትደርሱ እሱን አትፈልጉ። ዘበኛውን ሰላም በሏቸው፣ ቁጭ ብላችሁ አጫውቷቸው። በማታ የወጣ ሲሚንቶ ካለ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የቀን ሠራተኞቹን አነጋግሩ። ደመወዛቸው ሳምንታት ካደረ ኮንትራክተሩ እጁ ላይ ገንዘብ የለም፤ ከእናንተ የሚቀበለውን ቅድሚያ ክፍያ የሚያውለው ለዚያ ቤት ጣሪያ ነው። የእናንተን ጣሪያ ደግሞ ከሚቀጥለው ደንበኛ ያገኛል። ሰንሰለቱ የተበጠሰ ቀን መሠረታችሁ ወጥቶ ሣር ይበቅልበታል። በመንግሥት ግንባታ እንኳ ቅድሚያ ክፍያ ከ30 በመቶ አይበልጥም፣ ያውም ዋስትና ተይዞ። ቁፋሮ ሳይጀመር ግማሹን የሚጠይቃችሁን በሰላም ሸኙት።

ፈቃዱን እዩ፤ ግን በሱ ብቻ አትርጉ። ፈቃድም ይከራያል። ወረቀቱ ላይ ስሙ የሰፈረው መሐንዲስ ሳይቱን ረግጦት የማያውቅበት ጊዜ አለ። «ሶሌታ ሲሞላ ማን ነው የሚቆመው?» በሉ፤ የሚቆመውን ሰው ስም ውሉ ላይ አስገቡ።

ከሁሉም በላይ ግን አርማታ የሚሞላበትን ቀን ቆማችሁ እዩ። ሲ-25 ለሚባለው አርማታ የተለመደው ድብልቅ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 3 እጅ ጠጠር ነው። ጠዋት መለኪያ ሳጥኑ አፉ ላይ ተስተካክሎ ይሞላል። ከሰዓት ጉልበት ሲደክም አሸዋው ይቆለላል፣ ውሃውም ይጨመራል፤ የቀጠነ አርማታ ለመግፋትም ለማስተካከልም ይቀላል። ውሃው በበዛ ቁጥር ግን ጥንካሬው ይቀንሳል። ብዙዎቹ አይተው ዝም ይላሉ። ውሃ ሲበዛ ተቆጥቶ ሥራ የሚያስቆም ኮንትራክተር ካገኛችሁ ዋጋው ትንሽ ቢወደድም አትልቀቁት። ከሞላም በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ማጠጣቱን ተመልከቱ፤ እሑድን የሚዘል ብዙ ነው።

ፌሮውንም በስሙ አትመኑ። የ12 ፌሮ፣ 12 ሜትር የሆነ አንድ ቤርጋ ወደ 10.6 ኪሎ ይመዝናል። በብዙ ከቀለለ ቀጭን ብረት ነው የተሸጠላችሁ። ፕላኑ ስታፋውን (ፌሮውን የሚያቅፈውን ቀለበት) በ15 ሳንቲም ርቀት ካዘዘ በ25 አስሮ ብረት የሚያተርፍም አለ፤ አርማታ ከተሞላበት በኋላ ማንም አያየውም። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆናችሁ የምታሠሩ ወገኖቼ፣ ያለቀ ኮለን ፎቶ ምንም አይነግራችሁም። ከመሞላቱ በፊት ስታፋው ላይ ሜትር ተዘርግቶ የተቀረጸ ቪዲዮ ጠይቁ። ቪዲዮው ሳይመጣ የሚቀጥለው ክፍያ አይሂድ።

ብዙ አሠሪ የማያውቀውን ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተቋራጩን ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጥንካሬ ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል። ስትዋዋሉ ይህን ጮክ ብላችሁ አንሡና ፊቱን እዩት። ሥራውን የሚያምን ሰው «ልክ ነው» ብሎ ይቀጥላል።

ክፍያውን በደረጃ ክፈሉት፦ መሠረት፣ ሶሌታ፣ ጣሪያ፣ ልስን፤ እያንዳንዱ አልቆ ሲታይ። የመጨረሻዋን 5 በመቶ ግን አንድ ክረምት እስኪያልፍ እንደምትይዙ ከመጀመሪያው ውሉ ላይ ጻፉት። ጣሪያው ማፍሰሱ፣ ግድግዳው ውሃ መምጠጡ የሚታወቀው ሐምሌ ላይ ነው።