ራዳሩ ዱከም ላይ ምን ያያል?

ከዱከም ወደ ቢሾፍቱ በአሮጌው መንገድ ሲነዱ፣ ከፊት የሚመጣ የማያውቁት ሾፌር መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ካደረገ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ትራፊክ አለ» ማለቱ ነው። መልእክቱ የደረሰው ሾፌር እግሩን ከነዳጁ ያነሣል፣ ቀበቶውን ይጎትታል፤ ሚኒባስ ከሆነ ረዳቱ በትርፍ የተጫኑትን «ዝቅ በሉ» ይላቸዋል። ለሁለት ኪሎ ሜትር ያህል መኪናው ሙሽራ የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ ይሄዳል። ትራፊኩ ከኋላ መመልከቻ መስታወቱ ሲጠፋ ነዳጁ እንደገና ይረገጣል።

ስለ ፍጥነት ቁጥጥር የሚነሣው ክርክር ሁሉ እዚህች ብልጭታ ውስጥ አለ። ሾፌሩ መሣሪያውን ፈርቷል፤ ፍጥነቱን ግን ገና አልፈራም። ክርክሩን ለማየት መጀመሪያ መሣሪያውን ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙ የሚወራበት፣ ጥቂት የሚታወቅ ዕቃ ነውና።

ትራፊክ ፖሊሱ በእጁ የሚይዘው ራዳር እጀታና ምላጭ ያለው፣ ከኋላው ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ መኪናው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። መኪናው ወደ ራዳሩ እየመጣ ከሆነ የተመለሰው ሞገድ ከተላከው ይልቅ ይጠጋጋል፤ እየራቀ ከሆነ ይሳሳል። አምቡላንስ እየቀረበ ሲመጣ ድምፁ የሚቀጥነው፣ ካለፈን በኋላ ደግሞ የሚወፍረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሕጉን የኦስትሪያው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 እ.ኤ.አ. አስቀምጦታል፤ መኪና ሳይፈጠር ማለት ነው። ብዙዎቹ የፖሊስ ራዳሮች የሚሠሩት በ24 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። በዚህ ድግግሞሽ መኪናው በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር በጨመረ ቁጥር የተመለሰው ሞገድ በ45 ኸርዝ ገደማ ይለወጣል። በ60 የሚመጣ መኪና 2,700 ኸርዝ፣ በ100 የሚመጣ 4,500 ኸርዝ ያህል ልዩነት ይፈጥራል። ራዳሩ ይህን ልዩነት ይቆጥርና በኪሎ ሜትር ያሳያል።

ከዚህ ተነሥቶ ሁለት የሾፌር አቤቱታ መመዘን ይቻላል። አንደኛው «ጥግ ቆሞ በሰያፍ ስለለካኝ አጋነነብኝ» የሚለው ነው። ይህ ስሕተት ነው፤ እንዲያውም ተገላቢጦሹ ነው እውነቱ። ራዳር የሚለካው ወደ ራሱ የሚመጣውን ፍጥነት ብቻ ስለሆነ በሰያፍ ሲያዝ የሚያሳየው ከእውነተኛው ያነሰ ነው። በ20 ዲግሪ ዘንበል ብሎ የተለካ የ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 94 ሆኖ ይነበባል። ጥግ መቆሙ ለሾፌሩ አደላ እንጂ አልበደለውም።

ሁለተኛው አቤቱታ ግን ይከብዳል። «እኔ አይደለሁም፣ ከኋላዬ የነበረው አይሱዙ ነው» ይላል የቪትዝ ሾፌር። የእጅ ራዳር ጨረር ሰፊ ነው፤ ስፋቱ 12 ዲግሪ ያህል ቢሆን 300 ሜትር ርቀት ላይ ሲደርስ ከ60 ሜትር በላይ ይከፈታል። ያ ማለት መንገዱን በሙሉ፣ ዳርቻውንም ጨምሮ ያቅፋል። ከዚያ ሁሉ መኪና መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ኃይለኛውን ነጸብራቅ ነው፤ ትልቅ የጭነት መኪና ደግሞ ከትንሽ አውቶሞቢል ይልቅ አብዝቶ ያንጸባርቃል። ስለዚህ የትኛው መኪና እንደሮጠ የሚወስነው በመጨረሻ የፖሊሱ ዓይን ነው። በሌዘር የሚሠራው መለኪያ ይህን ችግር አቃልሎታል። እሱ የሚልከው አጫጭር የብርሃን ምቶችን ነው፤ ደርሰው የሚመለሱበትን ጊዜ እየለካ ርቀቱ በምን ያህል እንዳጠረ ያሰላል። ጨረሩ 300 ሜትር ላይ አንድ ሜትር ቢሰፋ ነው። የተነጣጠረበትን መኪና ለይቶ ይይዛል።

ካሜራው የመጣበት ታሪክ ደግሞ ሳያስቅ አይቀርም። ማውሪትስ ጋትሶኒደስ የሚባል ጃቫ ውስጥ የተወለደ ሆላንዳዊ የመኪና ተወዳዳሪ ነበረ፤ በ1953 እ.ኤ.አ. የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸንፏል። ኩርባ ላይ ስንት ሰከንድ እንደሚያባክን ለማወቅ፣ በዚያም የበለጠ ለመፍጠን ሲል መንገድ ላይ የሚዘረጋ የጎማ ቱቦ ያለው መለኪያ ሠራ። የፊት ጎማ አንዱን ቱቦ ሲረግጥ ሰዓቱ ይነሣል፣ ሁለተኛውን ሲረግጥ ይቆማል። በ1958 እ.ኤ.አ. ኩባንያ አቋቁሞ መሣሪያውን ለፖሊስ ይሸጥ ጀመር። ቆይቶም ከራዳርና ከካሜራ ጋር አጣመረው። ዛሬ በብዙ አገር ጎዳና ዳር የቆመው የፍጥነት ካሜራ ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል፤ አባቱ ለመሮጥ የሠራው መሣሪያ ነው እንግዲህ ሯጮችን ሲያስቀጣ የሚኖረው።

ወደ ዱከም እንመለስ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሁለት መንገድም አላት። አንዱ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው፤ ባለ ስድስት መስመር፣ የታጠረ፣ እግረኛም ጋሪም ባጃጅም የማይገባበት፣ እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነዳበት። ሌላው በከተማዋ መሐል የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ነው። እዚህ ግራና ቀኙ ሥጋ ቤት ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ ይልቁንም ጾም ሲፈታ፣ ከአዲስ አበባ ለጥሬ ሥጋ የመጣው መኪና ዳርና ዳሩን ይሞላዋል፤ ጎረድ ጎረድ የበላ ሰው ከመኪናና ከመኪና መሐል ብቅ ብሎ ወደ አስፋልት ይገባል። በሌላው ቀን ደግሞ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን አለ። ጠዋትና ማታ የፋብሪካ ሠራተኛው ከሰርቪስ ወርዶ ያቋርጣል፤ ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ በቡድን ነው የሚሻገሩት። በዚያው መንገድ ቦቴው፣ ተሳቢው፣ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» የሚለው ሲኖትራክ ያልፋል።

በፍጥነት መንገዱ ላይ 110 መንዳት ሕጋዊ ነው። ሥጋ ቤቶቹ ፊት 90 መንዳት ግን ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይሻላል። በደረቅ አስፋልት፣ በደህና ፍሬንና ጎማ፣ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በ60 የሚመጣ መኪና በ37 ሜትር ገደማ ውስጥ ይቆማል። በ90 የሚመጣው 70 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ይህ ነው፦ ባለ 60ው በቆመባት ነጥብ ላይ ባለ 90ው ገና በ77 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየመጣ ነው። ፍሬን ይዟል፣ ጎማው ይጮኻል፣ አስፋልቱን ታቋርጥ የነበረችው ልጅ ግን አልዳነችም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው መኪና ፊት ለፊት የገጨው እግረኛ የመሞት ዕድሉ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ከፍ ሲል በ4.5 እጥፍ ይጨምራል። ትርፉስ? ከዱከም ቢሾፍቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ60 ፈንታ በ90 የነዳ ሰው ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያተርፋል። ቢሾፍቱ ደርሶ ማቆሚያ ሲፈልግ ይፈጃታል።

ሾፌሩ ይህን አያውቅም ማለት አይደለም። የሚኒባሱ ሾፌር ለባለንብረቱ በቀን ቁርጥ ገቢ ያስገባል፤ የእሱና የረዳቱ ድርሻ ከዚያ በላይ የመጣው ነው። አንድ ተጨማሪ ምልልስ ማለት የቤት ወጪ ነው። መናኸሪያ ተራ ጠብቆ ያባከነውን ሰዓት የሚያካክሰው አስፋልት ላይ ነው። ይህን ሰው መክሰስ ቀላል ነው፤ ገቢውን ቁርጥ ያደረገበትን ባለንብረት ግን ራዳር አያነብበውም። ቅጣቱ ራሱም ለሁሉ እኩል አይከብድም። ለሚኒባስ ሾፌር የቀን ጉርሱን የሚወስድ ቅጣት ለቪ8 ባለቤት የቤንዚን ጉርሻ አይሆንም። ፊንላንዶች ለዚህ ብለው ቅጣትን በገቢ ይተምናሉ፤ አንድ የኖኪያ ኃላፊ 50 በሚነዳበት የሄልሲንኪ መንገድ በሞተር ብስክሌት በ75 ሲነዳ ተይዞ በ2002 እ.ኤ.አ. 116,000 ዩሮ ተጥሎበት ነበር፤ በይግባኝ በኋላ ቢቀነስለትም።

«ትራፊክ ዛፍ ተከልሎ የሚቆመው ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው» የሚለውስ ክስ? የዱከም ሾፌር ብቻ የሚያነሣው አይደለም። እንግሊዝ ውስጥም ካሜራ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ይህንኑ ብሎ ስለጮኸ ካሜራዎቹ ከሩቅ እንዲታዩ ቢጫ ቀለም ተቀቡ። እኔ በዚህ ከሾፌሮቹ ጋር ነኝ፤ ግን በግማሽ። ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ ላይ ተደብቆ መለካት አደን ይመስላል። ፋብሪካው በር ፊት በግልጽ መቆም ጥበቃ ነው። ሾፌሩ አይቶ ቢቀንስ የሚፈለገውም ይኸው አይደል? ችግሩ ሌላ ነው፤ የሚታይ መሣሪያ የሚገዛው የቆመበትን አካባቢ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ብልጭታው አለ፣ ነዳጅ መርገጥ አለ።

ብልጭታውን ከንቱ የሚያደርግ አንድ ዘዴ አለ፤ አማካይ ፍጥነትን መለካት። መኪናው ሀ ላይ ሲያልፍ ሰሌዳውና ሰዓቱ ይመዘገባል፣ ለ ላይ ሲደርስ እንደገና ይመዘገባል። ርቀቱ ይታወቃል፤ ቀሪው ማካፈል ነው። ጣሊያኖች በ2005 እ.ኤ.አ. «ቱቶር» ብለው በክፍያ መንገዶቻቸው ላይ ጀመሩት። መሐል ላይ ማን እንደቆመ ማወቅ ለሾፌሩ አይጠቅመውም፤ ማንም አልቆመማ።

የሚገርመው ዱከም አጠገብ ለዚህ የሚሆን ነገር ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በፍጥነት መንገዱ ሲገቡ በር ላይ ካርድ ይሰጣል፣ ሲወጡ በተጓዙት ርቀት ልክ ይከፈላል። የት እንደገቡና የት እንደወጡ የሚያውቅ ሥርዓት ሰዓቱን ካየ ፍጥነቱንም ያውቃል። ዋናው መስመር 78 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ120 ቢነዱት 39 ደቂቃ ይፈጃል። በ30 ደቂቃ አዳማ በር የደረሰ ሰው በአማካይ 156 ነድቷል፤ «ራዳሩ ተሳስቷል» ብሎ ሊከራከር አይችልም፣ ካርዱን ያስረከበው ራሱ ነውና። እርግጥ ሮጦ መጥቶ ከበሩ በፊት ቆሞ ሰዓት የሚያሳልፍ ብልጥ አይጠፋም። ቢሆንም መሮጡ ያተረፈለት ነገር የለም።

አሮጌው መንገድ ላይ ግን አማካይ ፍጥነት አያዋጣም። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ መውረጃ መውጫው ሁሉ ስሌቱን ያፋልሰዋል፤ ሥጋ ላስቆርጥ ብሎ የቆመ ሰው አማካዩን ዝቅ አድርጎት የቀረውን በ100 ቢነዳ ማንም አያውቅበትም። እዚህ የሚሻለው መንገዱ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። ብሬከር እንቅልፍ የለውም፣ ሻይ አይጠጣም፣ ዘመድም አያውቅም። ይሁንና ቀለም ያልተቀባ፣ ምልክት ያልተተከለለት ብሬከር በሌሊት ራሱ አደጋ ነው፤ ከፍ ያለ የእግረኛ መሻገሪያና መብራት ቢጨመርበት፣ ቋሚና የሚታይ ካሜራም በሁለቱ የከተማዋ መግቢያ ቢቆም ይበጃል።

ካሜራ ሲመጣ ግን ሌላ ጣጣ ይከተላል። በኛ አገር ክስ በአብዛኛው ሰውን ከመኪናው ላይ የሚይዝ ነገር ነው። ፖሊሱ ያስቆማል፣ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሲብስ ብሎኑን ፈትቶ ታርጋውን ይዞ ይሄዳል። የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003ም የጥፋት ነጥብ ያስመዘግብ የነበረው በአሽከርካሪው ላይ ነው። ካሜራ መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም። የሚያውቀው ታርጋን ብቻ ነው፤ ታርጋው ደግሞ የሚያደርሰው ሊብሬው ላይ ወዳለው ስም ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ሰው መኪናውን በውክልና ከሸጠ ቆይቷል፤ የገዛውም ለሌላ ሸጦታል፤ የሚነዳው ተቀጣሪ ነው። ታዲያ ካሜራው ዱከም ላይ በ95 ያነሣው መኪና ቅጣት አዲስ አበባ ለተቀመጠ፣ መኪናዋን ከረሳት ሰው ቤት ይደርሳል። ወይም የትም አይደርስም። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የሚተከል ካሜራ በዚህ ምክንያት የፎቶ መጋዘን ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ መንግሥት ካሜራ ከመግዛቱ በፊት የባለቤትነት መዝገቡን ያጥራ፤ የስም ማዞሪያውንም ወጪና ምልልስ ያቅልል። እናንተም መኪናችሁን በውክልና የሸጣችሁ፣ ቦሎ በመጣ ቁጥር «ዘንድሮ አዞራለሁ» የምትሉ ገዢዎችም፣ ከዚህ በኋላ አታቆዩት፤ ስም አዙሩ።